ቬኒስ ነው ያሉኝ ሥዕል

ቅዳሜ ዕለት የእህቴን የምረቃ ፎቶ ፍሬም ላስገባ አራት ኪሎ አንድ ፍሬም ቤት ጎራ አልኩ። ግድግዳው የተለመደው ነው፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ላሊበላ፣ አንበሳ። ከአንበሳው ሥር ግን ፀሐይ ያደበዘዘው ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ጨረቃ፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ግዙፍ ጉልላት።

«ቬኒስ ናት» አሉኝ ባለቤቱ።

«ጋሼ፣ ቬኒስ ከሆነች ጎንዶላ የሚባሉት ጀልባዎቿስ?»

«ሌሊት እኮ ነው።»

ምን ይባላል? ማታ ስልኬ ላይ ስፈልገው የጀርመኗ ድሬስደን ሆና ተገኘች። ወንዙ ኤልበ ነው። ኖርዌያዊው ዩሃን ክርስቲያን ዳል እ.ኤ.አ. በ1839 የሣላት። የበርገን ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ በ1818 ድሬስደን ገብቶ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። ከ1823 ጀምሮ ከጀርመናዊው ሠዓሊ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ሁለቱም ጨረቃ ይወዳሉ፣ ግን የፍሪድሪሽ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውን ጨረቃዋ ላይ አፍጥጠው ይቀራሉ፤ የዳል ሰዎች ወንዙ ዳር ጉዳያቸው ላይ ናቸው፣ ቀና ብሎ የሚያያት ያለም አይመስል። እኔ ዳልን መረጥኩ (ማንም አልጠየቀኝም)።

ጉልላቱ የፍራውንኪርሸ ነው፤ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንደማለት። በየካቲት 1945 ከተማዋ በቦምብ ስትነድ ሕንጻው ወዲያው አልወደቀም፣ እሳቱ ድንጋዩን በልቶት ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ነው የተደረመሰው። ፍርስራሹ ለዓመታት እንደተከመረ ቆየና በ2005 እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። አሮጌዎቹ ጥቁር ድንጋዮች ከአዲሶቹ መሀል ዛሬም ይለያሉ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሥዕሉን ሳይ ዓይኔ ጉልላቱ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጨረቃዋን እየረሳኋት።

በነጋታው ምሽት ቀበና ድልድይ ላይ ቆምኩ። እኛ ከተማ ቤቱ ሁሉ ለወንዝ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተሠራው፤ ሽንት ቤቱና ቆሻሻው ወደዚያ፣ በሩ ወደዚህ። አሁን ዳር ዳሩን እያስዋቡት ነው፣ ሽታው ግን ገና አልሰማም። ቢሆንም ጨረቃ ወጥታ ነበር፣ ቀጭኑ ውሃ ላይ ብልጭ ብልጭ ትላለች። አንድ አላፊ ሰው አብሮኝ ጎንበስ ብሎ «ስልክ ነው የወደቀብህ?» አለኝ። አይ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ እያጉረመረመ ሄደ።

ማክሰኞ ፍሬሜን ልወስድ ስሄድ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጀርመን ናት፣ ድሬስደን ትባላለች።

«አውቃለሁ» አሉኝ ፎቶውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ። «ድሬስደን ብል ማን ይገዛኛል?»