ጢንዚዛውን ስከስስ ከረምኩ፤ ችግሩ ግን አፈሩ ውስጥ ነበር

የምንከባከባቸው ስፕሩሶች (እንደ ጥድ መርፌ ቅጠል ያላቸው ዛፎች) ከጫፋቸው እየሳሱ ሲሄዱ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥፋተኛው የቅርፊት ጢንዚዛ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ቅርፊቱን ስልጥ የቦረቦረውን መንገድ አገኘዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የተያዘውን ዛፍ ቆርጬ አወጣሁ። በዓመቱ ሌሎች ተያዙ። እነሱንም አወጣሁ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ፣ ዛፎቹ ምልክቱን ዓይኔ ሥር ዘርግተውልኝ የነበረ መሆኑ ነው።

ምልክቱ ቅጠሉ ላይ ነው። ቢጫ የሆኑት ወደ ግንዱ የቀረቡት ያረጁ መርፌ ቅጠሎች ነበሩ። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያሉት የዘንድሮዎቹ አረንጓዴ ናቸው። ማግኒዚየም በዛፉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ሲያጥረው ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ብረት ሲያጥር ተቃራኒው ነው፤ ለጋው ቅጠል ነው ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ይታያል። ስለዚህ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት የትኛው ቅጠል እንደታመመ እዩ።

ከዚያ አፈሩን ላስመረምር ተነሳሁ፤ የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ስህተት ነበር። ከየቦታው የላይኛውን 10 ሳንቲ ሜትር አፈር ወስጄ፣ በአንድ ባልዲ ቀላቅዬ፣ አንድ ናሙና አድርጌ ላቦራቶሪ አስገባሁ። አሲዳማ ነው፣ ለስፕሩስ ግን የተለመደ ነው፣ ካልሲየሙም ለክፉ አይሰጥም የሚል መልስ መጣ። መልሱ ትክክል ነው። የተሳሳተው የእኔ ጥያቄ ነው። ጫካ ውስጥ የላይኛው አፈር በየዓመቱ ከሚረግፈው ቅጠል ካልሲየምና ማግኒዚየም መልሶ ያገኛል፤ ከሥሩ ያለው እየተራቆተ እንኳ እሱ ደህና መስሎ ይቆያል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ሦስት የታመሙ ዛፎች አጠገብ፣ ሦስት ጤነኛ ዛፎች አጠገብ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ የላይኛውን ብስባሽ፣ ከዚያ ከ0 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያለውን በየራሱ ከረጢት ከትቼ ጥልቀቱን ጻፍኩበት። ጤነኞቹን መጨመሬ ከሁሉ በላይ ጠቅሞኛል፤ የታመመ ዛፍ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ላቦራቶሪውንም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ብቻ ሳይሆን፣ የአፈሩ ቅንጣቶች የያዙትን ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየምና አሉሚኒየም እንዲለኩልኝ ጠየቅኩ። በተለይ አሉሚኒየሙን። በተለመደው የእርሻ አፈር ምርመራ ብዙ ጊዜ አይካተትም፣ ካልጠየቃችሁ ሊቀርባችሁ ይችላል።

ውጤቱ ሲመጣ የላይኛው 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ታች ግን ሌላ ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ከታመሙት ሥር ፒኤቹ 4.2፣ ከጤነኞቹ ሥር 4.9። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ፒኤች በአንድ ሲቀንስ አሲዱ 10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ የ0.7 ልዩነት 5 እጥፍ ያህል ነው። ከታመሙት ሥር የአፈሩን ቅንጣቶች ገጽ በብዛት የያዘውም አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። ጤነኞቹ ያሉት ከተዳፋቱ ግርጌ ነው፤ ከላይ እየሰረገ የሚወርደው ውሃ ከድንጋዩ ያሟሟውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞላቸው ይመጣል። ዝናቡ አንድ፣ ዕድሜያቸው አንድ፣ ዕጣቸው ለየቅል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። የሸክላና የብስባሽ ቅንጣቶች ካልሲየምና ማግኒዚየምን ገጻቸው ላይ ይዘው ለሥር ያቀርባሉ። ንጹሕ ዝናብም ቢሆን በተፈጥሮው ትንሽ አሲዳማ ነው፣ ፒኤቹ 5.6 ገደማ። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው የሰልፈርና የናይትሮጅን ጋዝ ሲጨመርበት ግን አሲዱ ይበረታል፤ የአሲዱ ሃይድሮጅን የካልሲየሙን ቦታ ይቀማል፣ ቦታውን ያጣውን ካልሲየም ደግሞ ከጋዞቹ የተፈጠሩት ሰልፌትና ናይትሬት ከውሃው ጋር ይዘውት ይወርዳሉ። ድንጋይ እየፈረሰ ይተካዋል፣ ግን በጣም ቀስ ብሎ። መጠባበቂያው ተሟጦ ፒኤቹ ከ5 በታች ሲወርድ፣ እስከዚያ በማዕድን ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም እየሟሟ ይወጣል። የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፣ ያለችውንም ጥቂት ካልሲየምና ማግኒዚየም እንዳይስብ ያግደዋል።

ይህን ከሰንጠረዡ ይልቅ ያሳየኝ ከጉድጓዱ አውጥቼ በውሃ ያጠብኩት ሥር ነው። የላይኞቹ ቀጫጭንና ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ናቸው። የታችኞቹ አጫጭር፣ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ቁጥራቸውም ጥቂት። ዛፉ ከታች ሸሽቶ ሥሩን ወደ ላይ ሰብስቧል። እንዲህ ያለ ዛፍ ዝናብ ለጥቂት ሳምንታት ሲጠፋ የሚጠጣው ያጣል፤ የተጠማ ዛፍ ደግሞ ጢንዚዛውን ገፍቶ የሚያስወጣበት ሙጫ ያንሰዋል። ጢንዚዛው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የደን በሽታ ተመራማሪው ፖል ማንየን በ1981 እ.ኤ.አ. የዛፍ መመናመንን ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነው፦ አስቀድሞ የሚያዳክም፣ ቀጥሎ የሚቀሰቅስ፣ በመጨረሻ የሚጨርስ።

አሉሚኒየሙን ቀድሞ ያነሳው ጀርመናዊው የአፈር ሳይንቲስት በርንሃርድ ኡልሪች ነው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በሶሊንግ ደን ካደረገው ምርምር ተነስቶ። ያኔ የተፈራው የደኖች የጅምላ ሞት በተባለው ስፋት አልደረሰም፤ የአፈሩ መራቆት ግን እውነት ነበር። አሜሪካ ውስጥ በሀባርድ ብሩክ የምርምር ደን በ1999 እ.ኤ.አ. አንድ ሙሉ ተፋሰስ ላይ ዋላስቶናይት የተባለ የካልሲየም ማዕድን በሄሊኮፕተር በተኑ፤ የስኳር ሜፕል ዛፎቹ አገገሙ። ይህን ባነበብኩ ቀን ተስፋ አደረግኩ።

እኔ የሞከርኩት በትንሽ መሬት ላይ ነው። ካልሲየምም ማግኒዚየምም ያለውን ዶሎማይት ኖራ በትንሹ በተንኩ፤ ጎን ለጎን ምንም ያልነካሁት ቦታ ተውኩ። ይህን ማነጻጸሪያ አትዝለሉት። ማግኒዚየም ሰልፌት በፍጥነት ይሟሟል፣ ግን አሲዱን አይቀንስም። ኖራውንም ማብዛት አደጋ አለው፦ ብስባሹ በአንዴ መፍረስ ይጀምርና ናይትሬት ይለቃል፣ ናይትሬቱም ካልሲየሙን ይዞ ይሄዳል፤ ሥሩም ይበልጥ ወደ ላይ ይሳባል።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ዛፍ በቆረጥኩ ቁጥር ጫካው ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ቅርንጫፉን ሁሉ ጠርጌ አስወጣ ነበር። ከግንዱ እንጨት ይልቅ ንጥረ ነገሩ በብዛት ያለው ቅጠሉ፣ ቀጭን ቅርንጫፉና ቅርፊቱ ውስጥ ነው። በገዛ እጄ ነው የደኸየውን አፈር ያራቆትኩት። አሁን ጢንዚዛው ገና ያለበትን አወጣለሁ፤ ጢንዚዛው ለቆት የሄደውን ደረቅ እንጨትና ቅርንጫፍ እዚያው እተወዋለሁ።

ኖራ በተበተነበት ቦታ፣ በሦስተኛው ዓመት የሁለት ዓመት መርፌ ቅጠሎች አረንጓዴ እንደሆኑ ቆይተዋል። ባልተነካው ቦታ እኩዮቻቸው ቢጫ ናቸው። ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ያለው አፈር ግን ምንም አልተለወጠም፤ ኖራ ወደ ታች የሚወርደው በዓመታት ነው። ጉድጓዶቹን በካስማ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። በየሁለት ዓመቱ ከዚያው ጥልቀት እንደገና ናሙና እወስዳለሁ።