ኮርነርባክ ለመሆን ያሰብክ ልጅ፣ «ዞረህ ኳሷን እይ» ሲሉህ ሁልጊዜ አትስማ

የአሜሪካ ፉትቦል የተጫወትኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሃይስኩል ስማር ነው። ፈጣን ስለነበርኩ አሰልጣኙ ኮርነርባክ አደረገኝ። ሥራው ከዳር ቆሞ የተጋጣሚን ሪሲቨር፣ ማለትም የተወረወረች ኳስ የሚቀበለውን ተጫዋች፣ እየተከታተሉ መከላከል ነው። ለመመዝገብ የሚያስፈልገው የሐኪም ምርመራና የወላጅ ፊርማ ቶሎ ያልቃል። ወደኋላ መሮጥም በልምምድ ይመጣል። ዓይንህን ከሪሲቨሩ ወገብ አትንቀል። በጭንቅላቱና በትከሻው ሊያታልልህ ይችላል፣ በወገቡ ግን ይከብደዋል።

ማንም ያልነገረኝ ኳሷ አየር ላይ ስትሆን ያለውን ጣጣ ነው።

አሰልጣኞች «ዞረህ ኳሷን እይ» ይላሉ። ከሪሲቨሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ከሆንክ ልክ ናቸው። አንድ እርምጃ ከቀደመህ ግን አትዙር። ስትዞር ፍጥነትህ ይቀንሳል፣ እሱም ጥሎህ ይሄዳል። ያኔ ዓይኑንና እጁን ተመልከት። እጁን ሲያነሳ ኳሷ ደርሳለች ማለት ነው።

አንድ ጨዋታ ላይ ይህንኑ አደረግኩ። አንድ ቡድን ኳሷን የተወሰነ ርቀት ለማራመድ አራት ሙከራ አለው፤ ከተሳካለት ቆጠራው ከመጀመሪያ ሙከራ እንደገና ይጀምርለታል። ሦስተኛ ሙከራቸው ነበር፣ 12 ያርድ ይቀራቸዋል። ሪሲቨሩ ቀደመኝ። እጁን ሲያነሳ ክንዴን ፊቱ ላይ ዘረጋሁ። አልነካሁትም። ኳሷ ክንዴን መትታ ወደቀች። ዳኛው የጥፋት ምልክት የሆነውን ቢጫ ጨርቅ ወረወረ። ምክንያቱ «ኳሷን አላየህም» ነው!

የሃይስኩል ሕግ እኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ተቀይሯል። ካልነካኸው በቀር እይታውን መከለል ጥፋት አይደለም። ጨዋታው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ቅጣቱ 15 ያርድ ነው። በሃይስኩል ይህ ቅጣት እንደ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) በራሱ አዲስ የመጀመሪያ ሙከራ አይሰጥም። ግን የቀራቸው 12 ብቻ ስለነበር አገኙት። ትንሽ ቆይተው አገቡብን።

ከዳኛው ይልቅ ዛሬም የሚያንገበግበኝ አሰልጣኙ ነው። «ብትዞር ኖሮ!» ብሎ ጮኸብኝ። ብዞር ኖሮ አልደርስባትም ነበር። እሱ ግን ማድረግ የሚችለው ነገር ነበረው። ዳኛ ያየውን መከራከር አይቻልም፣ ሕጉን አሳስቶ ሲተረጉም ግን አሰልጣኝ ታይም አውት (ለቡድኑ በቁጥር የተወሰነ የጨዋታ ማቆሚያ) ጠይቆ ውሳኔው እንዲታይ ማድረግ ይችላል። ካልተሳካ የሚጠፋው ያቺ ታይም አውት ናት። እኛ ደግሞ ነበረችን።

ስለዚህ ሕጉን ራስህ አንብብ። ከጨዋታ በፊት ለአሰልጣኝህ በግልጽ ንገረው፣ ቅር ቢለውም ይበለው። ልምምድ ላይ ደግሞ ጓደኛህ አንድ እርምጃ ቀድሞህ ይነሳ፣ አንተ ሳትዞር እጁን እያየህ ኳሷን ምታ። እጅህ ቀድሞ ከነካው ጥፋት ነው፣ ኳሷ ስትደርስ ከሆነ ያንተ ናት።