«እሺ፣ ችግር የለውም»

ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ረቂቅ ስብሰባው ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። አለቃዬ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥ አደረጉና «ይሄ አያስኬደንም። ቀጣዩ አጀንዳ ምንድን ነው?» አሉ። በቃ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ፣ ችግር የለውም» አልኩ። ፈገግም ብያለሁ መሰለኝ።

ችግርማ ነበረው። ጆሮዬ ግሏል። ማስታወሻ የምይዝ መስዬ አንዲቷን መስመር ደጋግሜ ሳሰምር ወረቀቱ ተቀደደ።

እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ ሆደ ባሻም ነኝ። ዝምተኛ ሁሉ ሆደ ባሻ አይደለም፤ እኔ ግን ሁለቱንም ታድያለሁ። የሚሰማኝ ወዲያው ነው፤ ቃሉ የሚመጣልኝ ግን ማታ፣ አልጋዬ ውስጥ። ያን ሌሊት ያደረግኩትን ንግግር ብትሰሙት! አለቃዬ መልስ አጥተው ቀሩ። ጠዋት ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ግን «እንደምን አደሩ» ብዬ ሹልክ አልኩ።

ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆድ አልፈጀውም። ለኢሜይል ሁሉ የምመልሰው «እሺ» ብቻ ሆነ። ለምሳ ሲጠሩኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ። የለብኝም።

አርብ ዕለት አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ እንደ ሁልጊዜው እጇን ዘርግታ «ስቴፕለርህን አንዴ» አለችኝ።

«የራስሽን አትገዢም እንዴ?!»

ድምፄ ለራሴም አስደነገጠኝ። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ያን ረቂቅ ቁጭ ብላ ፊደል በፊደል ያረመችልኝ እኮ እሷ ነበረች።

ማታ አንድ ጓደኛዬ «ትራስ ደብድብ፣ ይወጣልሃል» አለኝ። አለቃዬን እያሰብኩ ደበደብኩ። ጭራሽ ባሰብኝ። ኋላ ላይ ሳነብ የኔ ብቻ ጉድ አለመሆኑ ገባኝ። ብራድ ቡሽማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የመቱት ሰዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ተናደው ተገኝተዋል። ናኦሚ አይዘንበርገር የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን የአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ አስተኝተው በኮምፒውተር ኳስ ቅብብል አጫወቷቸው። ከዚያ ኳሷን የሚያቀብላቸው ጠፋ። በዚያን ጊዜ የነቃው የአንጎላቸው ክፍል የሰውነት ሕመም ሲያስጨንቀን ከሚነቁት አንዱ ነው። ለኮምፒውተር ኳስ! እኔ ለሦስት ሳምንት ልፋት ብንገበገብ ምን ይገርማል?

የበጀኝ ወረቀት ነው። ቅዳሜ ለአለቃዬ የማልሰጠውን ደብዳቤ ጻፍኩ። በእስክሪብቶ ነው ታዲያ፤ ኢሜይል ቢሆን ጣቴ አምልጦ ቢልከውስ? ሁለት ገጽ ሙሉ ስድብ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስድቡ አለቀና አንዲት መስመር ቀረች፦ «ለምን እንዳልተቀበሉት ማወቅ እፈልጋለሁ።» እሷን እንደ ጥናት ሸምድጄ ሰኞ ጠዋት ቢሯቸውን አንኳኳሁ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል።

አለቃዬ ግራ ገባቸው። «ችግር የለውም አላልክም እንዴ? አንተም ብዙ ያላመንክበት መስሎኝ እኮ ነው» አሉኝ። ቀጥለው ምክንያቱን ነገሩኝ፤ ለዚያ ሥራ የታሰበው ገንዘብ ወደ ሌላ ዞሯል። ረቂቁ ያኔም አልጸደቀ፣ እስካሁንም አልጸደቀ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፌን ለጥጬ ተኛሁ።

የከበደኝ የስቴፕለሩ ጉዳይ ነው። ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። የነበረውንም ነገርኳት።

«ኧረ ችግር የለውም» አለችኝ። ፈገግም አለች።

በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ ስቴፕለር ነበር።