ጎንደር ላይ ኮምፒውተር ላብ ፍለጋ

ከአዘዞ ወደ ከተማ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ «ዩኒቨርሲቲ ጋ ታወርደኛለህ» ስለው ረዳቱ ዞር ብሎ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ጋሼ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአንድ አጥር አልታጠረም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ነባሩ የሕክምና ግቢ ሆስፒታሉ ጋ ነው። ማራኪ፣ አፄ ቴዎድሮስና አፄ ፋሲል እየተባሉ የሚጠሩት ሌሎች ግቢዎች ናቸው፤ ጠዳ ደግሞ ከአዘዞ ወዲያ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ነው። የፋሲል ግቢ 12 በር አለው፤ ድሮም ጎንደር ላይ በሩን ያላወቀ ሰው አጥር ሲዞር ይውላል። ስለዚህ ባጃጅ ከመያዛችሁ በፊት ጉዳያችሁ የትኛው ግቢ እንደሆነ በስልክ ጠይቁ።

እኔ ከግቢዎቹ ወደ አንዱ ገባሁ። በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው መታወቂያ ነው፣ ቀጥሎ ላፕቶፕ። የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ስትወጡ ካልገጠመ አታልፉም። ቁጥሩ ከሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው፣ በእጅ ላብና በሙቀት ቶሎ ይፋቃል። ቤት እያላችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ሲመዘገብም አጠገብ ቆማችሁ እዩ፤ ዜሮና «ኦ»፣ አንድና «አይ» በእጅ ጽሑፍ አንድ ናቸው።

ግቢ ውስጥ «ኮምፒውተር ማዕከል የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በዚህ ስም ይጠራሉ፤ ተማሪ የሚሠራበት ላብ፣ የዋይፋይና የኢሜይል አካውንት የሚሰጠው የአይሲቲ ክፍል፣ እና የጥገናው ክፍል። ፓስወርድ የረሳ ሰው ላብ ቴክኒሻኑን ቢለምን ትርፉ ድካም ነው፣ የሚቀይረው አይሲቲ ነው። ውጤት አይታየኝም የሚል ደግሞ ብዙ ጊዜ መሄድ ያለበት ሬጅስትራር ነው፤ ኮምፒውተሩ ያላስገቡበትን ውጤት ከየት ያመጣል?

ላብ ስትገቡ ወንበር ከመያዛችሁ በፊት የማሽኑን ሰዓትና ቀን እዩ። ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ከቆመ፣ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ብሮውዘሩ የድረ ገጹን የደህንነት ሰርተፍኬት ከማሽኑ ቀን ጋር ስለሚያመሳክር «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ኢሜይላችሁን አይከፍትም። ሰው ኔትወርኩን ይራገማል፣ ጥፋቱ የባትሪዋ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በቅንነት ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ያስተካክለዋል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነውና ውጤቱ ያው ነው። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር መልሱት፣ ይከፍታል።

ዋይፋዩ ተገናኝቶ ስም መጠየቂያው ገጽ አልመጣ ሲልም ተመሳሳይ ዘዴ አለ። ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር ፕሮግራም) ካለ አጥፉ፣ ከዚያ በአድራሻው መጀመሪያ «ኤችቲቲፒ» ብቻ ያለው፣ «ኤስ» የሌለው ገጽ ሞክሩ። የተመሰጠረውን ገጽ ኔትወርኩ ጠልፎ ወደ መግቢያው ሊመልሰው አይችልም።

ከሁሉ የሚያስለቅሰው ግን የጠፋ ጽሑፍ ነው። ብዙ ላቦች ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወደ ቀድሞ ይዞታው የሚመልስ «ዲፕ ፍሪዝ» የሚባል ፕሮግራም ይጭናሉ። ለቫይረስ ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ ያደረጋችሁት ምዕራፍም እንደ ቫይረሱ ይጠረጋል። በዚህ ላይ መብራቱን ጨምሩበት፤ ጄነሬተሩ እስኪነሣ ያለችው አፍታ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለአፍታ የሚያቆይ ባትሪ) የሌለውን ማሽን ለማጥፋት በቂ ናት። ወርድ በራሱ ሴቭ የሚያደርገው ካልቀየሩት በየ10 ደቂቃው ነው፣ ያንንም የሚያስቀምጠው እዚያው የሚጠረገው ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ፍላሽ ላይ ሴቭ አድርጉ፣ ሲያበቃ ቅጂውን ወደ ኢሜይላችሁ ላኩ። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ገመዱ ወደ ዩፒኤስ ይሂድ ወይስ በቀጥታ ወደ ዲቫይደር ማየትም አያሳፍርም።

ፍላሹ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ካገኛችኋቸው ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን አትጫኑ፣ ቫይረሱን የምታስነሡት ያኔ ነው። ፎርማትም አታድርጉ። ቴክኒሻኑ የተደበቁትን አውጥቶ ኮፒ ያድርግላችሁ፣ ከዚያ ፍላሹ ይጽዳ።

ማተሚያው ጋ ስደርስ አንዲት ተማሪ የአማርኛ ጽሑፏ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖባት ቆማለች። ይህን ላቡም ፕሪንተሩም አላጠፋውም። ጽሑፉ የተጻፈው በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት ነው፤ እሱ ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጥ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ይተረማመሳል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ቦታ ስላለው በዩኒኮድ የጻፈ ሰው ይህ አይደርስበትም። የጥድፊያው መፍትሔ ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መምጣት ነው። ዘላቂው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፤ ከተለወጠ በኋላ ግን ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን በዓይን ማረም አይቀርም።

ስወጣ ፈታሿ ላፕቶፑን ገልብጠው ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ይቺ ዜሮ ናት ኦ?» አሉኝ። ስልኬን ከፍቼ ፎቶውን አሳየኋቸው።