ስጦታ ነው ወይስ አደራ? ሐረር ላይ የክምችት መመሪያ ስናወጣ

ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ ውስጥ ላለ አንድ ትንሽ ሙዚየም የክምችት መመሪያ፣ ማለትም ዕቃ እንዴት እንደሚገባና እንደሚያዝ የሚወስን ደንብ፣ እንድጽፍ ሲሰጠኝ ሥራውን ከመደርደሪያው ጀመርኩ። በየዕቃው ፊት እየቆምኩ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ የማን ነው?

ሐረር ውስጥ የቤተሰብ ቅርስ ወደ ሙዚየም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመተማመን ነው። አንድ አባት በእጅ የተጻፈ ቁርኣን ይዘው ይመጣሉ፣ “እናንተ ጋ ይቀመጥ” ይላሉ፣ በዚያው ይለያያሉ። ዓመታት አልፈው ልጆቻቸው ሲጠይቁ፣ ስጦታ ይሁን አደራ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ከመመሪያው ሰፊውን ቦታ ለርክክብ ሰጠሁት። ስጦታ ከሆነ ወራሾችም ይፈርማሉ፤ ውሰት ከሆነ የመመለሻ ቀን ይጻፋል፤ ቀን የሌለው አደራ አንቀበልም።

አንዲት እናት የእናታቸውን ስፌቶች፣ በእጅ የተሰፉ የሣር ዕቃዎች፣ አምጥተው ፎርሙን ሳነብላቸው፣ “ልጄ፣ ለልጅ ልጄ ሰርግ እኮ ያስፈልገኛል” አሉኝ። በውሰት መዘገብናቸው፤ ለሰርጉ የመውሰድ መብታቸውም በጽሑፍ ገባ። ያለ ፎርሙ ይህ ቃል የት ይቀር ነበር?

ቁጥር አሰጣጡ ቀላል ነው፦ የገባበት ዓመት፣ የርክክቡ ተራ፣ የዕቃው ተራ። ስፌት ላይ ማስቲሽ አይነካም፤ ቁጥሩ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ በክር ላላ ተደርጎ ይታሰራል። የብር አምባር ላይ ግን መጀመሪያ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል፣ በኋላ ሊነሳ የሚችል ግልጽ ሙጫ ስስ ቅብ፣ ከደረቀ በኋላ ቁጥሩ በቀለም፣ ከላይ ሌላ ቅብ። አዲስ የገባ ስፌት ነቀዝ እንዳያስገባ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል፤ ይህንንም በመመሪያው አስገባሁት።

በጣም ያከራከረን እምቢ የማለት አንቀጽ ነው፤ መነሻው ያልታወቀ ዕቃ አንገዛም የሚለው። የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት፣ ኢኮም፣ የሥነ ምግባር ደንብ የዕቃው መነሻ እንዲጣራ ይጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በግለሰብ እጅ መሆን እንደሚችል ቢፈቅድም መመዝገብ አለበት ይላል። “ካልገዛነው ቱሪስት ይወስደዋል” የሚለው ስጋት እኔንም ያሳምመኛል። ሆኖም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጌጥ መግዛት ከሌላ ቤት እንዲወጣ ገበያ መክፈት ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ አንቀጹም ጸደቀ።

ለሚጀምር ሰው የምለው ይህን ነው፦ ሙሉ መመሪያው እስኪያልቅ አትጠብቁ። የርክክብ ፎርሙን ዛሬውኑ በአማርኛና በሐረሪ አዘጋጁ፤ አንዱ ቅጂ ባለቤቱ እጅ ይግባ።