ሸክላ ፍለጋ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ሸክላ (የድሮውን የዘፈን ሸክላ ማለቴ ነው) መሰብሰብ የጀመርኩት ማጫወቻ ሳይኖረኝ ነው፣ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። መርካቶ አንድ ሰውዬ ጋ ሶስት ትንንሽ ሸክላ (በየጎኑ አንድ አንድ ዘፈን ያለው፣ ባለ 45 የምንለው) አየሁና ሳላስብ ገዛሁ፣ አንዱ የአምሃ ሪከርድስ ነበር። ለማያውቅ፣ አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማህበር ብቻ በተፈቀደበት ሰዓት ደፍሮ የጀመረው ነው፣ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ፣ ከዛ ደርጉም መጣ ካሴቱም መጣና አበቃ። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ግን ከገዛሁ በኋላ ነው።

በፌስታል አርጌ ባስ ውስጥ መስኮት ስር አስቀመጥኳቸው። እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፀሐይዋ በመስታወቱ ስትጠብሳቸው ዋለች፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ራሱ ሌላ ነው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተን የደሴ ብርድ ሲቀበለኝ ነው ትዝ ያሉኝ። ቤት ገብቼ ሳወጣቸው አንዱ ጠርዙ እንደደረቀ እንጀራ ተነስቷል። የአምሃው እንዳይሆን ብዬ ስፀልይ እሱው ሆኖ አረፈው።

ከዛ ማጫወቻ ገዛሁ፣ አሮጌ። አንድ ወር ሙሉ ማህሙድ አህመድ ታሞ የዘፈነ ነበር የሚመስለኝ፣ እኔ ደግሞ "የድሮ ሰው እንዲህ ረጋ ብሎ ነው የሚዘፍነው" እያልኩ ለጓደኞቼ አስረዳ ነበር 😂 ፒያሳ ራዲዮ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ጋ ስወስደው ከፍተው አዩና "ልጄ፣ ዘፋኙን አትማው፣ ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው የላላው" አሉኝ። ላስቲኩ ሲላላ ሸክላው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። እሳቸው ናቸው አጠባም ያስተማሩኝ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ መስመሩን ተከትሎ እንጂ አቋርጦ አይሆንም፣ መሀል ያለውን ወረቀት ውሃ ከነካው ደግሞ አለቀለት። እኔ በኦሞ ዘፍዝፌ የማን ሸክላ እንደሆነ እንኳን የማይታወቅ አንድ አለኝ።

የመድረኩ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ባንድ ካለ ባንድ፣ ከሌለ ማሲንቆ። መጀመሪያ ሰሞን ስፒከሩ ስር ነበር የምቀመጠው፣ ሁለት ቀን ጆሮዬ ሲጮህ ከርሞ ነው የገባኝ፣ አሁን ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ነው፣ ድምፁም እዛ ነው ተዋህዶ የሚሰማው። አንድ ቀን አዝማሪውን ባቲ (ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ ነው) ጠይቄው ዓይኔን ጨፍኜ እየተወዛወዝኩ ለጎረቤቴ "ባቲ ማለት ይሄ ነው" ስላት "ወንድሜ ይሄ እኮ አምባሰል ነው፣ ያንተን ገና አልጀመረም" አለችኝ። ወሎዬ ሆኖ ይሄን አለማወቅ! ሁለቱም የሀገራችን ቦታ ስም እኮ ነው፣ ባቲማ ከኮምቦልቻ በአፋር መንገድ ወጣ ስትል ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በየተራ እያዳመጥኩ ጆሮዬን አስለመድኩ፣ አንቺሆዬ ላይ እስካሁን እሳሳታለሁ።

ሸክላ የት ይገኛል ለሚለኝ ሰው፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ደሴ ውስጥ ያገኘሁት አንድም የለም። ያገኘሁት ሁሉ ቡና ላይ ነው። አቦል ላይ ስለ ሸክላ ካነሳህ ዝም ይሉሃል፣ ቶና ላይ "ባለቤቴ ድሮ ነበረው" ይባላል፣ በረካ ላይ ሳጥኑ ይከፈታል። ሸዋበር አካባቢ አንዲት እናት 11 ሸክላ አሳዩኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ዋጋ ስጠራ ግን ፊታቸው ተቀየረ፣ አፈርኩ።

"አልሸጥም ልጄ፣ ማጫወቻህን ይዘህ ና፣ አብረን እንሰማለን" አሉኝ።

በሳምንቱ ተሸክሜ ሄድኩ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ምንም አላሉም፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አርገው ቆዩና "በል እንጂ፣ ገልብጠው" አሉኝ።