የስኒ እጣቢ

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ዛሬ ጠዋት ካክተሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ያዝ አደረግኩትና ቀስ ብዬ ሳብኩት። አልመጣም። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ሳብኩት። አሁንም አልመጣም። ሥር ይዟል። እማዬን ልጠራት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ድምፄ አልወጣ አለኝ። በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብዬ ቆየሁ።

ካክተሱ የአባዬ ነው። ከ11 ዓመት በፊት መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ልጆች ገዝቶ መጣ። በዱቄት ወተት ጣሳ ተከለው፣ ከሥሩ በሚስማር ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጎ። ያኔ የጣት ያህል ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተመዘዘ። አምስት ሸንተረር ያለው፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ነው። ከጉልበቴ ሲያልፍ አባዬ እንዳይጋደም ብሎ በጫማ ማሰሪያ ከዱላ ጋር አሰረው። ውሃ የሚያጠጣው በወር አንዴ ነው። ክረምት ከገባማ ጭራሽ አይነካውም።

ጥር ላይ አባዬ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ስለ ካክተሱ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ አላሰብኩም ማለቴ ነው። እማዬ ግን ስታስብ ነበር የከረመችው። ይህን ያወቅኩት እንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ቤት ስገባ ካክተሱ ዱላውን ይዞ ተንጋዷል። ግርጌውን ነካ ሳደርገው ጣቴ ሰመጠ። እንደ ተቀቀለ ድንች ሆኗል። ቀለሙ ቡናማ፣ ሽታው የከረመ ውሃ ነው። ዝናቡ ይሆናል ብዬ ቀና አልኩ። በረንዳው ላይ ጣሪያ አለ፣ ዝናብ አይደርስበትም።

ቡና ተጠጣ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጎረቤቶች መርቀው ወጡ። እማዬ ስኒዎቹን አለቃለቀችና እጣቢውን በጣሳ ይዛ ወደ በረንዳው ሄደች። ጎንበስ ብላ ካክተሱ ሥር አፈሰሰችው። ዝም ብላ አልደፋችውም፤ ለእንግዳ እጅ እንደምታስታጥብ ሁሉ ዙሪያውን ቀስ እያደረገች ነው።

«እማዬ፣ በየቀኑ ነው የምታጠጪው?»

«ታዲያ! አባትሽ ትቶት ቢሄድ እኔ ውሃ ልንፈገው?»

ምን ብዬ ልመልስ? ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ገዳዩ ውሃው መሆኑን አውቄያለሁ። አንቺ ነሽ ያጠፋሽው የሚመስል ቃል ለእሷ እንዴት ይወጣኛል?

ከዚያ ማሰሮው ትዝ አለኝ። አምና አባዬ ከሆስፒታል ሲወጣ ደስ እንዲለው ብዬ ሰማያዊ አበባ የተሳለበት የሚያብረቀርቅ ማሰሮ ገዛሁለት። ተቀበለኝ፣ ገልብጦ ሥሩን አየ፣ «ቆንጆ ነው» አለኝና ካክተሱን አዛወረበት። ለምን እንደገለበጠው ያን ሌሊት ገባኝ። ማሰሮው ቀዳዳ የለውም። እሱ አይቶታል፣ ቅር እንዳይለኝ ብሎ አልነገረኝም። ውሃውን እየመጠነ ነው ያቆየው። እማዬ ያፈሰሰችው ግን መውጫ አጥቶ ታች ተጠራቅሟል። ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ ሥር አየር አያገኝም፣ ይታፈናል፣ ይሞታል፣ ብስባሹ ከዚያ ወደ ግንዱ ይወጣል። የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ብርድና ደመና ነው። በዚያ ጊዜ ካክተስ ብዙም አያድግ፣ ብዙም አይጠጣ። በቀን አንድ ጣሳ እጣቢ ለእሱ ጎርፍ ነው።

እሑድ ሄጄ ነገርኳት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማሰሮው ውሃ አያስወጣም» አልኳት። ለማጽናኛ ያልኩት አይደለም፣ እውነቱ ነው። እማዬ ማሰሮውን ገልብጣ አየችው። አባዬ እንዳደረገው።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር። የበሰበሰውን ቆርጦ ጥሎ ጤነኛውን ጫፍ እንደገና ሥር ማስያዝ። ቢላውን በአልኮል ጠረግኩ። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ፊቴ ላይ ጋረደች። «ወተቱ ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ!» አለችኝ። የእኛ አገር ቁልቋል ሲቆረጥ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ክፉኛ ይጎዳል፣ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ይሄኛው ግን ወተት የለውም። ቤተሰባቸውም የተለያየ ነው። ካክተስ መነሻው አሜሪካ አህጉር ነው፤ የትግራይ ተራሮች የለበሱት በለስ እንኳ ከዚያው የመጣ ነው። ካክተስን ከቁልቋል መለየት የፈለገ ሰው የእሾሁን መውጫ ጠጋ ብሎ ይይ። እንደ ጥጥ ብናኝ ያለች ትንሽ ነጥብ አለች። እሾሁ በሙሉ ከእሷ ላይ ነው የሚበቅለው።

የመጀመሪያው ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ነበር። ቢላውን ጠርጌ ትንሽ ከፍ ብዬ ቆረጥኩ። ውጭው አረንጓዴ፣ መሃሉ ቡናማ ቀለበት። ጠርጌ እንደገና። ቀለበቱ ቀጠነ። ከዚህ በላይ የአባዬ የጫማ ማሰሪያ ነበር። ግንዱ እያደገ ሲመጣ ክሩ ሸንተረሩ ላይ ጠባሳ አውጥቶበታል። እዚያ ጋ እጄን አቆምኩ። ከክሩ በታች እንዲጠራልኝ እንዴት እንደተመኘሁ። ቆረጥኩት፣ መሃሉ ላይ ሦስት ቡናማ ነጥቦች አሉ። አንዲት ነጥብ ከቀረች ብስባሹ ተመልሶ ይወጣል። ክሩን ፈትቼ ለእማዬ ሰጠኋት፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከጠባሳው በላይ ስቆርጥ ንጹሕ ወጣ። አምስት ጫፍ ያለው አረንጓዴ ኮከብ፣ እርጥብ፣ አንድም ነጥብ የሌለበት። ያ ሁሉ ቁመት ሄዶ አንድ ስንዝር ተኩል ቀረን።

ቁራጩን ጥላ ውስጥ፣ ጋዜጣ ላይ ሦስት ሳምንት አስቀመጥነው። የተቆረጠው ፊት ደርቆ እንደ ቆዳ ሲጠነክር፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ተከልነው። አፈሩን ከቀይ ጠጠር ጋር እኩል በእኩል ቀላቀልኩ። ማሰሮ ፍለጋ ልወጣ ስል እማዬ ሥሩ የተሰነጠቀ የሸክላ ድስቷን አመጣች። ከእሱ የተሻለ አላገኝም ነበር። ሸክላ ራሱ ይተነፍሳል፣ ስንጥቁም ውሃ ያወርዳል።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሥር የሌለው ካክተስ ውሃ ቢሰጡት መልሶ ይበሰብሳል። እማዬ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች።

«ዛሬስ?»

«አይ እማዬ፣ ገና ነው።»

«ተጨማዷል እኮ።»

ተጨማዶ ነበር። ሸንተረሩ እንደ አሮጊት ጉንጭ ገብቷል። ግንዱ ውስጥ ያጠራቀመውን እየጠጣ መሆኑን ነገርኳት። ቀን ሐሩር ላይ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ሌሊት ብቻ እንደሚከፍታቸውም ነገርኳት። «ሌሊት ነው የሚተነፍሰው?» አለች። ከዚያ ወዲያ መደወሉን አቆመች። በኋላ ስሰማ ለካ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ስኒ ውሃ ሰጠነው። ለእማዬ ቀጭን ስንጥር ቀርጬላት ነበር። አፈሩ ውስጥ ትሰካዋለች፣ አፈር ይዞ ከወጣ ትተወዋለች፣ ደርቆ ከወጣ ታጠጣዋለች። ዛሬ ጫፉ ላይ አዲስ ለምለም አረንጓዴ አየሁ። ጥፍር የምታህል ናት፣ እሾሆቿ ገና ለስላሳ ናቸው።

ቡናው አለቀ። እማዬ እጣቢውን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። እጇ እንደለመደው ወደ ካክተሱ ሄደ። ከዚያ ቆመች። አጠገቡ፣ የድሮው የአባዬ የወተት ጣሳ ውስጥ፣ ጤና አዳም ተክላበታለች። እጣቢውን እሱ ላይ ዙሪያውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው።

«አንተ ቆይ» አለችው ካክተሱን። «ያንተ ሐሙስ ነው።»